መቶኛዋ ግንደ ቆርቁር

ከዳንግላ የተነሳሁት በጳጉሜን ሦስት ጧት ነው፤ ጉዳዬም አንዲት ወፍ ማየት። ባለፈው መስከረም፣ ዓመቱ ሳያልቅ በአዊ ምድር ብቻ መቶ ዓይነት ወፍ አያለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። በዓይኔ ያላየሁትን፣ ድምፁን ብሰማም አልቆጥርም። ዘጠና ዘጠኝ ደርሼ የቀረችኝ ግንደ ቆርቁር ናት። የባለቤቴ ሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ስለተዛወረ ከመስከረም በኋላ የማስተምረው እዚያ ነው፤ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ የምለው ነገር የለኝም። ጓደኞቼ ለአንዲት ወፍ በዚህ ጭቃ እሄዳለሁ ስላቸው ሳቁብኝ። አይፈረድባቸውም።

እስከ መናኸሪያ በጋሪ ሄድኩ። ባለጋሪው አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የርቀት መነጽር አይቶ መሬት ልለካ የምሄድ መስሎት የማን ማሳ እንደሆነ ጠየቀኝ። ወፍ ለማየት ነው ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። ሚኒባሱ በበዓል ገበያ ዕቃ ታጭቋል፤ እግሬ ሥር የሽንኩርት ማዳበሪያ፣ ከኋላዬ የታሰሩ ዶሮዎች። ረዳቱ በዓሉን አሳብቦ ታሪፉን ስለጨመረ እስከ አዲስ ቅዳም ጭቅጭቁ አልበረደም።

አዲስ ቅዳም

ከዚህ ጀምሮ መንገዱ ግራና ቀኙ ዲከረንስ የሚባለው ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው። ጠርዙ ላይ የከሰል ጆንያ ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። እንግዳ ሰው ቢያየው ደን ነው ይላል። ዲከረንስ ግን ጥቂት ዓመት እንዳደገ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ግንደ ቆርቁር ደግሞ የምትፈልገው አርጅቶ ውስጡ የበሰበሰ ግንድ ነው፤ እዚህ ዛፍ አያረጅም። ገበሬውም ልጆቹን የሚያስተምረው በዚሁ ነውና ምን ይባላል?

እንጅባራ

ብርዱ ከሚኒባሱ ሳልወርድ ተቀበለኝ። እዚያ የምትኖረው አክስቴ፣ ትሁን፣ የተቀቀለ ድንች በዳጣ አብልታኝ አሮጌ ዛፍ ወደሚገኝበት ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ወጣን፤ መንገዱ ሲበላሽ ወርደን ጭቃውን በእግራችን ተያያዝነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለ የደረቀ ኮሶ ላይ ቆርቆር የሚል ድምፅ የሰማችው እሷ ናት።

ኮሶው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ካፊያው ወፏን አስገብቷት ኖሮ ከውስጥ ቆርቆር ትላለች እንጂ አትወጣም። ብዙ ከጠበቅኩ በኋላ ቄሰ ገበዙ ሲያልፉ፣ ግንዱን በመቋሚያቸው መታ መታ እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው።

«ዛሬ ሩፋኤል ነው፤ እንጨት አይመታም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ነገ ጧት ነይ። ለመስቀል ደመራ ከወዲሁ ልንቆርጠው ነው። መጥረቢያው ሲያርፍበት መውጣቷ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ታያታለሽ።»

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነውና ከዛፍ ሥር የቀረ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሜዳው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ሰማይ አቀና። እኔም መነጽሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ወጣሁ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መቶኛዋ ተገኘች ብዬ።

ማታ ለአክስቴ ሳወራላት፣ «ታዲያ ሌላ ማደሪያ አላት?» አለችኝ።

በማግስቱ

ስንደርስ ሁለት ሰዎች መጥረቢያ ይዘው ቆመዋል። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ የኮሶው አናት አይታይም። ኮሶው ቢቀርላት ብዬ ቄሰ ገበዙን ስጠይቃቸው ግራ ገባቸው።

«እዚህ ድረስ የመጣሽው ልታያት አይደለም?»

«ነው፣ አባ። ግን ቤቷን አፍርሼ አይደለም።»

በዚህ ዝናብ ለደመራው ደረቅ እንጨት ከየት እንደሚመጣ ጠየቁኝ። አክስቴ ግን ጣልቃ ገብታ በአገውኛ ረዘም አድርጋ ተናገረቻቸው። ለከሰል ብላ ጣራ ሥር የከመረችውን ዲከረንስ ለደመራው ልስጥ ማለቷን በኋላ ነገረችኝ። ቄሰ ገበዙ ኮሶውን ቀና ብለው አዩና፣ «ለደመራው እንጨት ከተገኘ እኛ ከወፍ ጋር ጠብ የለንም» አሉ። ሰዎቹም መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው አክስቴን ተከተሉ።

እኔ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ የክንፍ ድምፅ ተሰማ፤ ወጥታ ሄደች። ያየሁት ጉም ብቻ ነው። እስከ አሥር ሰዓት ብጠብቅም አልተመለሰችም፤ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ተነሳሁ። ከፋኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዳንግላ ስገባ መሽቷል። ከጉዞው የተማርኩት ብዙ አይደለም። የአንዲትን ወፍ ቤት መፍረስ የምሥራች አድርጌ አንድ ሙሉ ከሰዓት ደስ ብሎኝ እንደዋልኩ ግን አልረሳውም። ቁጥር እንዲህ ያደርጋል።

ባለቤቴ ዕቃ እያሰረ ነበር። «ሞላልሽ?» አለኝ።

«አልሞላም። መቶኛዋ ቤቷ ናት» አልኩት።