ወንበር ላይ የቀረ ኮት

እንጅባራ ብርዷ የታወቀ ነው። ጠዋት ጉሙ ከግብርና ቢሮው ግቢ ሳይነሣ የምንገባው ሁላችንም ልብስ ደራርበን ነው። ይህን የማነሣው ስለ አየር ጠባይ ለማውራት አይደለም፤ ያለዚህ ብርድ የባልደረባዬ ኮት ማንንም ባላታለለ ነበር።

እኔ የእቅድ ባለሙያ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ከደን ባለሙያው ፊት ለፊት ነው። እሱ ጠዋት ይገባል፣ አሮጌ ቡኒ ኮቱን ወንበሩ ላይ ያንጠለጥላል፣ ሌላ ጃኬት ይደርብና በዱቤ የገዛትን ባጃጅ ሊነዳ ይወጣል። ሰው ሲጠይቅ «ኮቱ አለ፣ እዚሁ ግቢ ነው» ይባላል። ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ለቢሮው ሞተር ሳይክል ቤንዚን ቢጠይቅ ቢጠይቅ መልስ ሲያጣ ነው መስክ መውጣቱን የተወው።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም። ሐሳቡ ግን ሁልጊዜ ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ ነው። ስለ ራእይ ሲናገር እጁን ወደ መስኮቱ ይዘረጋል፤ እኔም አያለሁ፤ የሚታየኝ ጉም ነው። የቅርቡን የሚቆጣጠረው በአንድ ዘዴ ብቻ ነው፤ በኮሪደሩ ሲያልፍ ወንበሮቹን ገልመጥ ያደርጋል። ኮት ካለ ሰው አለ።

አንድ ሰኞ ከአዲስ ቅዳም ከተማ በኩል አንዲት እናት መጡ። ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ ዛፍ ቅርንጫፍ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ነገር ወርሶታል። ገብስ ይዘሩበት የነበረውን ማሳ ሁሉ ዛፍ አልብሰውታል፤ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ አሁን ቆርጠው ያክስሉት ወይስ ይጠብቁ? ቢቆርጡት ገና ቀጭን ነው፤ ቢዘገዩ ደግሞ ቆሞ ይደርቃል፣ በሽታው ወደ ጎረቤትም ይሻገራል።

«ባለሙያው የለም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ጸሐፊዋ ቀደመችኝ፤ «ኮታቸው አለ፣ አሁን ይመጣሉ።»

ተቀመጡ። ምሳ ሰዓት አለፈ። «በዚህ ብርድ ያለ ኮቱ የት ይርቃል?» ይላሉ ለራሳቸው፤ ቀጥለው በአገውኛ የሆነ ነገር ያጉተመትማሉ። በማግስቱም ሌላ የባሰበት ቅርንጫፍ ይዘው መጡ፤ ከኮቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

እኔ ቁጭ ብድግ ሆነብኝ። ስትራቴጂክ እቅዱ ላይ «የተገልጋይ እርካታ» ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ መልሼ ጻፍኩ። መስኮት ከፈትኩ፤ በረደኝ፣ ዘጋሁት። ለባልደረባዬ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። የተናደድኩት በእሱ ይሁን በኃላፊው ወይም በእናትዬዋ ትዕግሥት እስካሁን አላውቅም። በመጨረሻ አፌ አመለጠኝ።

«እማማ፣ ኮቱን አይመኑ። እሱ እዚሁ ነው የሚያድረው፤ ሰውየው ሌላ ልብስ አለው።»

ቅርንጫፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ተነሡ፤ ኮቱን ከወንበሩ አንሥተው አራገፉ፣ አጠፉ፣ ጋቢያቸው ሥር ሸጎጡት።

«እንግዲያው ሲፈልገው ከእኔ ዘንድ ይምጣ» አሉና ወጡ።

ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሳቄ መጣ።

ባልደረባዬ አመሻሹ ላይ ሲሰማ ይሳደባል ብዬ ነበር፤ አልተሳደበም። እናትዬዋ የመጡበትን ጉዳይ ጠየቀኝ፣ ቅርንጫፉን አገላብጦ አየ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። በማግስቱ በራሱ ባጃጅ፣ በራሱ ቤንዚን ወደ ማሳቸው ሄደ።

ለሥልጠና ሄዶ የነበረው ኃላፊያችን የተመለሰው የዚያኑ ቀን ነው። በኮሪደሩ ሲያልፍ ባዶውን ወንበር አየና ቆመ። ምሳ ሳይደርስ ለባልደረባዬ ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እየተቻኮልኩ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ኧረ እሱ ዛሬ ሥራ ላይ ነው! ሌላ ጊዜ ነው የማይኖረው፤ ዛሬ እኮ ገበሬ ማሳ ላይ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ ኮቱን አንጠልጥሎ መሄድ ምን ከለከለው?»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም።

ባልደረባዬ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ተመለሰ። ግማሹን ማሳ ዛሬ ነገ ሳይሉ እንዲቆርጡ ነግሯቸዋል፤ ሌላው ግን ቆሞ ደርቋል፣ ጊዜው አልፎበታል። ማስጠንቀቂያውን አነበበ፣ ኪሱ ከተተ። ኮቱን ወንበሩ ላይ አንጠለጠለና ወጣ። ከዚያ ወዲህ መስክ ሄዶ አያውቅም። እኔም እቅዱን ጨርሼ አስረከብኩ፤ ተመሰገንኩበት። ምስጋናው እንደ እሾህ ወጋኝ።

ትንሽ ቆይቶ እናትዬዋ እንደገና መጡ፤ አሁን የያዙት የጎረቤታቸውን ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ጸሐፊዋ ገና ልትናገር ስትል እሳቸው በሩ ላይ ሆነው ወንበሩን አዩ።

«ኮቱ አለ አይደል?» አሉኝ።

«አለ፣ እማማ።»

«እንግዲያው እሱ የለም» ብለው ተመለሱ።