የወንድሙ ብልቃጥ

ኮሌታ ይሏታል። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ውስጥ አሥራ አራት የስፌት መኪናዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ከበሩ ሦስተኛዋ የእሷ ናት። አንዷ እጅጌ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ቁልፍ ትተክላለች፤ እሷ ከጠዋት እስከ ማታ ኮሌታ። ቅጽል ስሙ ግን ከሥራዋ ብቻ የመጣ አይደለም። የተጣመመ ነገር ካየች ሰውየውን ኮሌታውን ጨምድዳ ስለምታነጋግርም ነው። ወረፋ የሚሰርቀውም፣ የምሳ ሰዓት የሚሸራርፈው አለቃም ቀምሰዋታል።

እንግዲህ ይህችው ሴት ናት በባሏ ቤተሰብ ፊት ሰባት ዓመት ሙሉ አንገቷን ደፍታ የኖረችው። መካን ነሽ ተባለች። ያውም በማስረጃ!

ባልየው ጎሚስታ ነው። የሰው ጎማ ውሃ ውስጥ ይነክርና አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያያል፤ «ይኸው፣ ሚስማር በልቷል» ብሎ በአደባባይ ያውጃል። የሌላውን ቀዳዳ ሲፈልግ የሚውል ሰው፣ በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ሐኪም «አንተም ተመርመር» ሲለው ግን ድንበሩ እንደተደፈረ መንግሥት ተቆጣ።

«እኔ? እኔ ምን ሆንኩና? እስቲ እየኝ!» ብሎ ክንዱን አሳየ።

ሐኪሙ የጠየቀው ክንድ አልነበረም።

ሁለት ወር አኩርፎ በመጨረሻ እሺ አለ። ብልቃጥ ተሰጠው፤ ቤቱ ሞልቶ ሳይውል ሳያድር እንዲያመጣ ተነገረው። አመጣ። ውጤቱ የሚያስጨበጭብ ነበር። እናቱ፣ ሰፈሩ «እማማ ማይክራፎን» የሚላቸው ሴትዮ፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለብጠው ከታናሹ ልጃቸው የሠርግ ፎቶ አጠገብ፣ በብፌው መስታወት ውስጥ አቆሙት። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እንኳ እንዲህ አልተከበረም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ በየጎረቤቱም በር እየዞሩ መግለጫ ይሰጣሉ፦

«የልጄ ዘር እንደ አሸዋ ነው ብሏል ሐኪሙ! እንግዲህ መሬቱ ጭንጫ ከሆነ ልጄ ምን ያድርግ?»

መሬት የተባለችው እዚያው ቁጭ ብላ ትሰማለች።

ከዚያ በኋላ ሕክምናው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እንቁላል ያበዛል የተባለ ክኒን ዋጠች፤ ፊቷ አበጠ፣ እንቅልፏ ጠፋ። በማህፀኗ ቀለም ረጭተው ራጅ ሲያነሷት አልጋው ላይ ጥርሷን ነክሳ አለቀሰች። ሆዷን በስተው በካሜራ አዩዋት። ምንም አላገኙም። ጤነኛ ሰው ላይ በሽታ እንዴት ይገኛል? ባልየው በየሐኪም ቤቱ በር ቆሞ «አይዞሽ ሆዴ» ይላታል። አይዞሽ ማለት አያምም።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ቁልፍ የምትተክለዋ ባልደረባዋ ሌላ ክሊኒክ ጠቆመቻት። እዚያ ሁለቱም እንደ አዲስ ተመርመሩ ተባሉ። ባልየው ብልቃጡን አየና «ቤት ሄጄ ላምጣው» አለ።

«አይቻልም ወንድሜ፣ እዚሁ ነው» አለችው ነርሷ፤ በኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን ጠባብ ክፍል አሳየችው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ከወር በኋላ አስደገሙት፤ ደሙንም ወሰዱ። የውጤቱ ቀን ሐኪሟ የድሮ ወረቀቶች ሁሉ ይምጡ ስላለች ኮሌታ የብፌውንም ጨምራ ይዛ መጣች። አማቷ «እንዳይጫር!» ብለው ነበር የሰጧት።

ሐኪሟ የተለበጠውን ወረቀት አገላብጣ አየችው።

«ይህ የማን ነው?»

«የሱ» አለች ኮሌታ።

«ሊሆን አይችልም። የባለቤትዎ ዘር በጣም ጥቂት ነው፣ ሁለት ጊዜ አይተነዋል። ምክንያቱን ደግሞ በደማቸው አግኝተነዋል፤ ከተወለዱ ጀምሮ አብሯቸው ያለ ነው። ያኔ እንዲህ ያለ ውጤት ሊመጣላቸው አይችልም።»

ኮሌታ ዞረች። ባልየው ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ቬንትሌተር ይቆጥር ጀመር።

«ተናገር።»

«ያው… ያኔ… ታናሼ ልጆች ነበሩት አይደል? ብልቃጡን ለሱ ሰጠሁት።»

«ምን አልክ?»

«አንድ እናት አንድ አባት አይደለን እንዴ! የሱ ደህና ከሆነ የኔም ያው ነው ብዬ ነዋ!»

«እንግዲያው ክኒኑን እህቴ ትዋጥልኝ ነበራ!» ጮኸች። «ሆዴን ሲበሱኝ የእህቴን ሆድ ልላክ ነበራ! እኛስ አንድ እናት አንድ አባት አይደለን?»

ሐኪሟ ውሃ ቀዳችላት። አልጠጣችውም።

መፍትሔ አለ ተባለ። ካሉት ጥቂቶች አንዱን መርጠው በቀጭን መርፌ እንቁላሏ ውስጥ ያስገቡታል። መጸነሱ እርግጥ አይደለም። እንቁላሎቹ እንዲደርሱ ደግሞ እሷ አሥር ቀን ያህል ሆዷን በየቀኑ ትወጋለች። አዎ፣ እሷ! የጎደለው እሱ ጋ፣ መርፌው እሷ ጋ። አንድ ነገር ደግሞ እወቁ አለች ሐኪሟ፦ ወንድ ከተወለደ ይህንኑ ችግር ይወርሳል። የስምምነት ቅጹን ሰጠቻቸውና አስባችሁ ፈርሙ ብላ ወደ ኮሪደሩ ሸኘቻቸው።

አግዳሚው ላይ ባልየው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ሆዴ፣ ያልሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ብቻ ቤት ስንገባ ነገሩ እንዳለ ይሁን። አንቺ ለምደሽዋል፤ እኔን ግን ይገለኛል።»

ለምደሽዋል! ጫንቃ ላይ የወጣ ሁሉ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ የተሸከመው ስለለመደ አይከብደውም። ኮሌታ እስክሪብቶውን ከደነችው።

«ደውል።»

«ለማን?»

«ለእናትህ። ድምፁን ክፈተው። ደግሞ ወንድሜ ይደውልልኝ እንዳትል።»

«እዚህ ሰው መሃል?»

«እኔ ሰው መሃል አይደል እንዴ ጭንጫ የተባልኩት? ልጅ ቢሰጠን፣ ያም አድጎ ሚስቱ ላይ ሊያላክክ ነው? እኔ እንዲህ ያለ ወንድ አልወልድም። ወይ ደውል፣ ወይ ቅጹን እቀደዋለሁ።»

ደወለ። እየተንተባተበ ነገራቸው።

«እሷ ናት ያስባለችህ!» አሉ እማማ ማይክራፎን። «አዙራብህ ነው! ወረቀቱ ሳይቀር እያለ!»

ከጀርባቸው የወንድ ድምፅ ተሰማ፤ ታናሹ ነው።

«እማዬ፣ ወረቀቱ የኔ ነው። ብልቃጡን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

 እማማ ማይክራፎን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦

«በሉ እንግዲህ ለሰው እንዳታወሩ። የቤት ገመና ነው።»

ኮሌታ ስልኩን ነጠቀችው።

«እማማ፣ የኔ ሲሆን አዋጅ፣ የልጅዎ ሲሆን ገመና? ስሜን ያጠፉት በር በር እየዞሩ ነው። በዚያው በር ዞረው ይመልሱልኝ። እስከዚያ አልፈርምም።»

ዘጋችው። ወረፋ ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷ «እሰይ» አለች፤ አጠገቧ ያለው ባሏ ጫማውን ማየት ጀመረ።

እማማ ማይክራፎን አንድ ሳምንት ታመምኩ ብለው ተኙ። ባልየው ከጎማ ቤቱ እየወጣ ደጃቸውን ጠና። ምን እንደተባባሉ አልታወቀም። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን አትክልት ሻጯ ኮሌታን መንገድ ላይ አስቆመቻት።

«አንቺ፣ ለካ አንቺ አልነበርሽም! አማትሽ ዛሬ በየበሩ እየዞሩ እንደ ሌባ እያንሾካሾኩ ነገሩን። ስንቴ አምተንሻል መሰለሽ፤ ይቅር በይን።»

«ማን ማን ሰማ?» አለች ኮሌታ።

ሻጯ የሰዎቹን ስም ጠራች። ያኔ ስሟ ሲጠፋ የሰሙት ሁሉም ነበሩበት፤ አንድ አልጎደለም። ኮሌታ ሽንኩርቷን አስመዝና ቤቷ ገባች፤ ባሏን አላመሰገነችውም።

በማግስቱ ከባሏ ጋር ክሊኒክ ሄዳ ፈረመች። ነርሷ የመጀመሪያውን መርፌ አዘጋጅታ «እቤት ማን ነው የሚወጋሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እሱ።»

ባልየው ደነገጠ። «እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል…»

«ይንቀጥቀጥ። ሲስተር፣ አስተምሪው።»

ነርሷ ቆዳውን እንዴት ቆንጥጦ እንደሚይዝ አሳየችው። ጣቶቹ በጎማ ጥላት ጠቁረዋል፤ ሦስት ጊዜ በሳሙና አስታጠበችው። መርፌውን ይዞ ሆዷ አጠገብ ሲደርስ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ያምሻል?» አለ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም ነበር።

«አዎ ያማል» አለች ኮሌታ፤ ቀሚሷን ከፍ አደረገች። «ውጋ።»