ጃኬቴ ውስጥ የከተትኳት ሽጉጥ

አሮጌ ሽጉጥ እሰበስባለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም ኢላማ እተኩሳለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ማንም ይህን አያውቅብኝም። አንድ ቀን መኪናዬን ራቅ አድርጌ ፓርክ አደረግኩና እዚህ ውጭ አገር፣ ቡሪየን ከተማ ካለ የመሣሪያ መደብር ገባሁ። ብዙ አማርጬ፣ ትንንሽ ጥይት የምትጎርስ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራች አሮጌ ሪቮልቨር ሽጉጥ በእጄ ይዤ ሳገላብጥ እትዬ ዘነበች በሩን ከፍተው ገቡ። የእናቴ ጓደኛ! ቅዳሴ ላይ ከፊት የማይታጡት!

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ታላቅ ሰው ሲመጣ ሲጋራ እንደሚደበቀው ሽጉጧን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ እጅ ነሣሁ።

ባለመደብሩ የመሰለው ግን ሌላ ነው። የራሱን ሽጉጥ መዞ፣ «እጅ ወደ ላይ!» ብሎ አምባረቀብኝ። ሁለት እጄን ሰቀልኩ።

«ኦኬ፣ ኦኬ! ልጄ ነው፤ እኔን አፍሮ ነው» አሉት እትዬ በእንግሊዝኛ፣ ሰውዬውን በስሙ ጠርተው። በስሙ!

ሰውዬው መሣሪያውን ዝቅ ሲያደርግ እትዬ ሽጉጧን ከጉያዬ አወጡ። ጥይት ማጉረሻዋን ከፍተው በአውራ ጣታቸው አሽከረከሩት።

«ይቺንማ እንዳትገዛ» አሉኝ። «እየከሸፈች አስመርራኝ ለሱ የሸጥኳት እኔ ነኝ።»