አንድ ትልም ቀረ ተብሎ

ወረታ በሠራሁባቸው ዓመታት የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ፎርማት። ኮምፒውተሩ ቢዘገይ ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባበት ፎርማት፣ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ቢመጣ ፎርማት። ከአዲስ አበባ የመጣሁ የወረዳው የኮምፒውተር ባለሙያ ስለነበርኩ ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ሁሉን አጥፍቼ ከባዶ ስጀምር ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ወረታም የመጣሁት ራሴን ፎርማት ላደርግ ነው፤ የፈረሰ እጮኝነትና በእንጥልጥል የቀረ ትምህርት ጥዬ።

የፎገራ ሜዳ በነሐሴ መሬት መሆኑን ይረሳል። ውሃው ሩዙ ሥር ተኝቶ፣ ደመናው ውሃው ውስጥ ወርዶ፣ ከቢሮዬ መስኮት ሳይ ላሞቹ ደመና ላይ ይራመዱ ነበር። ከመንገዱ መገንጠያ የባጃጅና የጭነት መኪና ድምፅ ይመጣል፤ ግን እኔ ጋ ሲደርስ ደክሞት ነው። በዚያ መስኮት ሥር ስንቱን ቀን ቆሜ እንዳሳለፍኩ አላውቅም። ሥራ የበዛባት ሴት መስያችሁ ይሆናል፤ አልበዛብኝም ነበር።

ምሳ ሰዓት ሲሆን አንድ ሽማግሌ ይመጡ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ የቁሐር ሚካኤል ሰው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሜዳውን ሲመዘግቡ ኖረዋል፦ ውሃው በየትኛው ክረምት የት ደረሰ፣ የትኛው ዘር ቆመ፣ የትኛው ተኛ። ደብተራቸውን አንድ ዓመት የገባው ጎርፍ አበሰበሰባቸው። ባለቤታቸውም ያኔ እንደሞቱ ሰምቻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ በልባቸው የቀረውን ሁሉ፣ በሁለት ጣት፣ እኔ ክፍል ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ሲጽፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሌላ ቅጂ የለውም። አሁን ደግሞ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለሆነ እሱ ከጠፋ ዳግመኛ አይጽፉትም።

ያን ሰሞን ጽሑፉን ከፍተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዝም ብለው ያዩታል። ከዚያ ዘግተውት ይሄዳሉ። ዓይናቸው እያስቸገራቸው ነው ብዬ አዘንኩ። ስለዚህ አንድ ቀን ሳይጠይቁኝ ፊደል የሚያጎላ ፕሮግራም ልጭንላቸው ተነሳሁ።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን በየጥቅላቸው ከኢንተርኔት እያወረደ፣ እየፈታ፣ ቦታ ቦታቸውን የሚያስይዝ አንድ ጫኝ አለ። እንደ ሠርግ ጥሪ ነው፤ አንዱን ስትጠሩት ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ይመጣል። ጠዋቱን ሙሉ ሲያወርድ ቆየ። ጥቅሎቹ ግማሾቹ ተፈትተው፣ ግማሾቹ ሳይፈቱ፣ መብራት ሄደ።

መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ከጥቁር ስክሪንና ከነጭ ጽሑፍ ሌላ የሚያሳየው ነገር አጣ። ሽማግሌውም በዚያው ሰዓት ገቡ።

«አይዞዎት ጋሼ፤ ፎርማት አደርገዋለሁ» አልኳቸው።

«ፎርማት ምንድር ነው?»

«ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር።»

«ጽሑፌስ?»

ከጎናችን ባለው ክፍል ሠራተኞቹ አንድ ለአምስት ተሰብስበው ነበር፤ ጭብጨባቸው ይሰማል። ዛሬ ቢሆን ጽሑፉን የማወጣበት ሌላ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ያኔ አላውቅም ነበር። ማፈሬ እንዳይታወቅብኝ መብራቱን ረገምኩ፤ ፎርማት የማደርግበትን ሲዲ ከመሳቢያ አወጣሁ፤ አልፌ ተርፌም «ምን ይደረግ ጋሼ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አልኩ። ለእሳቸው! ይህን ቃል ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

እሳቸው ግን ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ።

«ቆይ እስቲ ልጄ። ሰው ሲያርስ ውሎ ዝናብ ቢያባርረው፣ አንድ ትልም ቀረ ተብሎ ማሳው እንደገና ይታረሳል እንዴ? ያቆመበት ሂዶ በሬዎቹን ያስገባል እንጂ።»

«ይሄ እኮ እርሻ አይደለም ጋሼ።»

«እሱስ አይደለም። ግን ነጭ ነጭ ነገር ይታየኛል። ምን እያለ ነው? አንብቢልኝ።»

ያን ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንዳየሁት! አንድም ቀን ግን አላነበብኩትም፤ ብቅ ሲል ሲዲ ማውጣት ነው። እሳቸው ማየት ስላልቻሉ ብቻ ከእንግሊዝኛው እየመለስኩ፣ ጣቴን በየቃሉ ላይ እያስኬድኩ አነበብኩላቸው። «ጭነቱ መሀል ላይ ተቋርጧል። እንዲስተካከል ይህን ትእዛዝ በእጅህ ጻፍ።» ትእዛዙም ከሥሩ አለ፤ አንዲት አጭር መስመር።

«ታዲያ እየነገረሽ ነው'ኮ» አሉ፣ ሳይስቁብኝ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

መስመሯን ጻፍኳት። ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰበና ጀመረ። የተፈታውን እንደገና አልፈታም፣ ያለቀውን አልነካም፤ የቀረውን ብቻ እያነሳ ቦታውን አስያዘው። የጥቅሎቹ ስም በየተራ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይጠፋል። ሁለታችንም አየን፤ እሳቸው ነጭነቱን፣ እኔ ስሞቹን። ውጭ ዝናቡ ሜዳው ላይ ሳይቸኩል ይሄድ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሳልቸኩል የተቀመጥኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጽሑፉ ተከፈተ። አንድም ፊደል አልጎደለም። አጎላሁላቸው፤ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ስክሪኑን ሞላው።

«ያን ክረምት ውሃው ግቢያችን ሲገባ ባለቤቴ»

እዚያ ላይ ያልቃል። ደነገጥኩ። «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን መብራቱ በላው መሰለኝ።»

«አይ» አሉ፤ ስክሪኑን በእጃቸው ነካ አድርገው። «እዚችስ ላይ እኔው ነኝ ያቆምሁ። መብራትም ነበር። ወር አለፈኝ፤ እየመጣሁ አያታለሁ፣ እሄዳለሁ።»

ለካ ያስቆማቸው ዓይናቸው አልነበረም። ሲዲውን ወደ መሳቢያው መለስኩት።

«ጻፊልኝ» አሉ። እጄን ፊደሎቹ ላይ አደረግኩ።

«ባለቤቴ ጥጆቹን ልትፈታ ተመለሰች።»

ጻፍኩ።

«ጥጆቹ ወጡ።»

ጻፍኩ። የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ላሞቹ ወዳሉበት ሜዳ ያዩ ነበር።

«አራት ነጥብ አድርጊባት» አሉኝ።