የአርባ ደቂቃ ምርቃት

በኮሮናው ጊዜ ጆሃንስበርግ ውስጥ መሰብሰብ ስለተከለከለ የእድራችን ስብሰባ በስልክ ሆነ። የምንጠቀመው ነፃውን መስመር ስለነበር በአርባ ደቂቃው ይቋረጣል።

የዚያን ቀን አጀንዳው አንድ ነበር፤ የእድር ዳኛ መምረጥ። በመሀል ከተማው የጀፒ ሰፈር ባሉ ጅምላ አከፋፋዮችና ከከተማው ዳር፣ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች መንደሮች ውስጥ ሱቅ በከፈትነው በእኛ መካከል ጠብ ሲነሳ የሚፈርደው ዳኛው ስለሆነ፣ ሁለታችንም የራሳችንን ሰው እንፈልጋለን። እኛ አንድ ሰው አጨን። ድምፅ ከተሰጠ እንደምናሸንፍ እነሱም ያውቃሉ።

ስብሰባው እንደወጉ በምርቃት ተከፈተ። መራቂው የአከፋፋዮቹ ሽማግሌ ነበሩ። አገሩን መረቁ፣ ዝናቡን መረቁ፣ ሐኪሞቹን መረቁ። ከዚያ በየሱቃችን እየገቡ መደርደሪያችንን መረቁ። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ጠረጠርኩ። ግን ሽማግሌ እየመረቀ ማን ያቋርጣል? እርግማን መጥራት ነው። ጥርሴን ነክሼ አሜን አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ። በሳምንቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ዕጩአችን ሰልችቶት ራሱን አገለለ።

«ነውር አያውቁም! ምርቃት ለተንኮል?» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ተናገርኩ።

በወሩ ከእኛ ወገን ጥቂት ሰዎች ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ብልጫው የአከፋፋዮቹ ሆነ፤ እነሱም የራሳቸውን ሰው አጩ። ከስብሰባው በፊት ለእኛ ወገን አዛውንት ደወልኩ። ተንኮል የሚባል አያውቁም የምላቸው ሰው ናቸው።

«አባባ፣ ዛሬ ምርቃቱን እርስዎ ቢከፍቱልን?»



«ሠላሳ ይበቃል፣ ወይስ አርባውን ልሙላው?»