እህቴ የመረጠችው ትምህርት

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ እንደ ወትሮው ስለ እህቴ ትምህርት ተጨቃጨቅን። እህቴ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ነርስ ነበረች። በነርስነት ማስተርሷን እንድትማር ካርቱም ያለ አንድ ኮሌጅ ተቀብሏታል። ወይ እዚያው ሄዳ ትማራለች፣ ወይ ከቤቷ ሆና በኢንተርኔት። እስከ ሐሙስ ወስኚ ብለዋታል።

የምትማረው እሷ ናት፤ የምንፈርደው ግን እኛ ነበርን። እናቴ ኦንላይን ይሻላል አለች። ኦንላይን ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ከቤት እንደማያስወጣ ግን ገብቷታል። ጎረቤታችን፣ አዛውንቱ የሎሪ ሹፌር፣ ደገፏት።

«የካርቱም መንገድ ሰው ይበላል። እኔን ጠይቁኝ።»

«አባባ፣ እርስዎን ግን አልበላዎትም» አለች እህቴ።

«እኔን ምን ብሎ ይበላኛል? ሥጋ የለኝ!»

ሳቅን። እናቴ አልሳቀችም። «ደግሞስ እንደኛ ላለ ስደተኛ የመንገድ ፈቃድ ማን ይሰጣል?» አለች።

እህቴ ግን ነገሩን ስትመዝን ከርማለች። ኦንላይን ከሆነ ሥራዋን አትለቅም፤ እኛም ደመወዟን አናጣም። ዝናብ ሲጥል ግን መብራቱም ኔትወርኩም አብረው ይጠፋሉ። ክረምት ደግሞ ገብቷል።

ሹፌሩ ሲሄዱ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ።

«በአካል ነው የምማረው። ስሳሳት እጄን ይዞ የሚያርመኝ ሰው እፈልጋለሁ። ለእማዬ ነገ ማታ እነግራታለሁ፤ አንተ ዝም በል።»

«እታለም፣ እማዬ ትሞታለች።»

«በዚህ የሞተች እናት የለችም። ነርስ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የተሳፈረችበትን ራክሻ፣ ያንን ባለ ሦስት እግር ታክሲ፣ ማሽላ የጫነ ሎሪ ገጨው። ቦታው ከቤታችን ብዙም አይርቅም። ሰፈራችንን ሳትለቅ ሞተች። በዚያው ቀን ቀበርናት።

ለቅሶው ላይ ክርክሩ ቀጠለ። እውነቴን ነው። ሹፌሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ምነው ካርቱም ሄዳ ቢሆን ኖሮ!» አሉ። ከቤት አትውጣ ሲሉ የነበሩት ሁሉ በአንድ ቀን የካርቱም ደጋፊ ሆኑ። እናቴ ደረቷን እየደቃች «እኔን ብላ ቀረች! እኔ ነኝ ያስቀረኋት!» ትላለች። ለመቅረት እንዳልወሰነች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም በል ብላኛለች። ዝም አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ስልኳ ጠራ። ከኮሌጁ ነው። አንዲት ሴት በዓረብኛ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው አለችኝ። ትናንት እንደቀበርናት ነገርኳት። አላህ ይርሐማት አለች። ከዚያ እያፈረች ጠየቀችኝ።

«ይቅርታ... ማህደሯን ለመዝጋት ነው። ኦንላይን ልበል ወይስ በአካል?»

እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ገበያ ስትነግድ ስለኖረች ዓረብኛ ከሁላችንም በላይ ትሰማለች።

«በአካል ብለው ይጻፉ» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ወስና ነበር። ልትመጣላችሁ ነበር።»