መስኮቱና አዲሱ ካርቦን

ባሌ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ የጽሕፈት መኪና ይዞ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ሰዉ ስሙን ረስቶ «አመልካች» ይለዋል። እኔም ስናደድ እንደዚያው ስለምለው፣ ስሙን የሚያስታውስ ሰው የቀረ አይመስለኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። የተበደለ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል። ባሌ አያለቅስም፤ ሰውየው እስኪወጣለት ድረስ ወረቀቱን ያስተካክላል። ከዚያ «ከመጀመሪያው ጀምር» ይላል። ሰውየው ግማሽ ሰዓት ያወራውን እሱ በአሥር መስመር ይጨርሰዋል። ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ ያነብለታል፤ ባለጉዳዩ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» ካላለ ወረቀቱን አይሰጠውም። በሕይወታቸው «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» ብለው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ «እንደዚያ ነው ያልኩት» ይላሉ።

ጠዋት ለከሳሹ ጽፎ ከሰዓት በኋላ ተከሳሹ ቢመጣ ለእሱም ይጽፋል። ምነው ስለው «ሐኪም የተደባደቡ ሰዎችን ሁለቱንም ያክማል» ይለኛል። የሰው ጉዳይ ደግሞ ከጠረጴዛው ተነስቶ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። የከተማው ገመና ሁሉ የሚራገፍበትን ሰው አግብቼ ወሬ የምሰማው ዳቦ ሰልፍ ላይ ነው። ብጠይቀው «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይተኛል።

ሌላው ጠባዩ ካርቦን፣ ያንን በሁለት ወረቀት መሃል ገብቶ ግልባጭ የሚያወጣውን ጥቁር ወረቀት፣ መሰሰት ነው። አንዱን ካርቦን ወንፊት እስኪሆን ድረስ ይጽፍበታል። ካለቀለት በኋላም አይጥለውም፤ ለእኔ ያመጣልኛል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ንድፉን ጨርቅ ላይ የማወርደው በእሱ ካርቦን ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። ቤታችን ጨለማ ነበር። የዛሬ ሃያ ዓመት፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ደጅ ለደጅ ስንከራተት አይቶ፣ ባሌ አንድ እሑድ መዶሻና መሮ ይዞ የጎኑን ግድግዳ በሳው። ፈቃድ? ለሰው ሁሉ ፈቃድ ሲጠይቅ የሚውል ሰው ለራሱ አንድ መስመር አልጻፈም። ግድግዳው ደግሞ የወሰን ግድግዳ ነው፤ በወሰን ግድግዳ ላይ መስኮት መክፈት ክልክል ነው። ይህን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከማዶ የፀጉር አስተካካዩ ጓሮ ነው። ሰፈሩ «ምላጭ» ይለዋል። ምድር ቤቱ ፀጉር ቤት ነው፤ ከሚስቱ ጋር የሚኖሩት ፎቁ ላይ ነው። የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፤ ከኋላው ግማሽ ፂሙን የተላጨ ደንበኛ ተከተለው። አፉን ሊከፍት ሲል ሚስቱ ከፎቅ ጮኸች። «ተዋት! ብርሃን ነው የወሰደችው፣ ምን ጎደለብህ? ስለዚህ መስኮት አንዲት ቃል ስታነሳ እንዳልሰማ!»

ምላጭ አፉን ዘጋ። ደንበኛውም ቀሪውን ፂሙን ሊላጭ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያችን ሴት እትዬ አልኳት። እሷ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ እኔ መስኮቱ ሥር ስሰፋ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያላወራነው ነገር የለም።

አምና እህቴ ሞተችብኝ። እትዬ ለቅሶ አልመጣችም። ምላጭ ብቻውን መጥቶ «እግሯን ትንሽ አሟት ነው» አለኝ። ትንሽ! ለትንሽ እግር ሁለት ደጅ ይርቃል? ከዚያ በኋላ ጓሮም ብቅ አላለች። ኮራችብኝ አልኩ። ባሌ «አሟታል ተብለሻል እኮ» ቢለኝ «አንተ ዝም በል፣ ዝም አይነቅዝም» አልኩት። እንግዲህ ሆድና ጀርባ ሆንን። እሷ ይህን ታውቅ እንደሆነ ሄጄ አልጠየቅኩም።

ስምንት ወር እንዲህ እንዳለን ምላጭ ጓሮ ብሎኬት ተራገፈ። ከመስኮቴ ክንድ ያህል ርቀት ላይ መሠረት ተቆፈረ። ግንበኛውን በመስኮት ብቅ ብዬ «ፈቃድ አላችሁ?» አልኩት። «እኔ ያለኝ ውሃ ልክ ነው» አለኝ፤ አውጥቶም አሳየኝ።

ፀጉር ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ መስኮቴን ልትደፍነው ነው?»

ምላጭ መቀሱን ከደንበኛው ጆሮ አራቀ። «እህቴ፣ ሌላ ቦታ ስለሌለኝ ነው» አለኝና ወደ ጆሮው ተመለሰ። ደሜ ፈላ።

ማታ ለባሌ «አቤቱታ ጻፍልኝ» አልኩት። «ቤት አልጽፍም፣ ከጠረጴዛው ነይ» አለኝ። ሄድኩ። ውሃው የተቆረጠበት ሰውዬና ከአከራይዋ ጋር የተጣላች ሴት እስኪጨርሱ ተራ ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ በዚያ በቀዝቃዛ ድምፁ «ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለኝ።

«ከመጀመሪያው መስኮቱን በሳኸው።»

«እሱን እንለፈው» አለ።

በአሥር መስመር ጨረሰው። ዓይኔም ሥራዬም በዚያ መስኮት ላይ እንደቆሙ ጻፈልኝ። ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ እኔም እንደ ሰዉ «እንደዚያ ነው ያልኩት» አልኩ። ካርቦኑን ግን አየሁት፤ ያ ወንፊቱ ነው። «ለሚስትህ እንኳ አዲስ አታስገባም?» ስለው «ተራ ያስጠበቅሻቸው ሰዎች አሉ» አለኝ።

በሳምንቱ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሰዎች መጥተው ምላጭ ግድግዳ ላይ «ሥራው ይቁም» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ግንቡ የመስኮቴ ወገብ ላይ እንደደረሰ ቆመ። ቅዳሜ ባሌ ፀጉር ቤት ሄዶ ተከርክሞ መጣ። «ምን አለህ?» ብዬ ዘለልኩበት። «ቀና በል አለኝ» አለ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የቀሚስ ንድፍ ላወርድ ካርቦኖቹን ሳገላብጥ፣ ከመካከላቸው አንዱ አብረቀረቀብኝ። አዲስ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈበት። ምን ያህል እንደቀረው ለማየት ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ከፍ አደረግኩት። ፊደሉ በብርሃኑ ጥርት ብሎ ተነበበ። ለግንባታ ፈቃድ ክፍል። ጉዳዩ፦ ለቀረበብኝ አቤቱታ መልስ ስለመስጠት።

የምላጭ መልስ ነው። የጻፈለት ባሌ ነው።

«ባለቤቴ ከስምንት ወር ወዲህ እግሯ ስለማይታዘዝላት ከፎቅ ወርዳ አታውቅም። ለሐኪም ቀጠሮ በጀርባዬ አዝዬ አወርዳታለሁ። እኔም ስድሳ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሁለታችንም እንዳንወድቅ እሰጋለሁ። የምሠራው እሷ ምድር ላይ የምትተኛበት አንዲት ክፍል ነው። በመጨረሻም፣ ከሳሿ የምትሟገትበት መስኮት ራሱ በወሰን ግድግዳ ላይ ያለ ፈቃድ የተከፈተ ስለሆነ፣ እንዲደፈን እንዲታዘዝልኝ አመለክታለሁ።»

እውነቱን ልናገር፤ የእግሯን ነገር ዓይኔ አነበበው እንጂ ልቤ ውስጥ አልገባም። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ለካ እኔ ነኝ! ያውም በአዲስ ካርቦን!

ባሌ ገና በሩን ሲከፍት ካርቦኑን ፊቱ ላይ አውለበለብኩት። «ሚስትህን ከሰስክ!»

«የባለጉዳይ ወረቀት አንብበሻል» አለ ኮቱን እየሰቀለ። «እኔ ማንንም አልከሰስኩም። ጽፌያለሁ።»

«መስኮቱን የበሳኸው አንተ!»

«ማመልከቻው ላይ የበሳው ሰው አልተጠቀሰም።»

«ምን ታደርግ፣ ቅን ልብ የለህ!»

«የቀረውን ቢሮ ትሰሚዋለሽ» አለ። «የሰው ጉዳይ ነው።»

እኔና ምላጭ ፈቃድ ክፍሉ ፊት የምንቀርብበት ቀጠሮ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ሁለቱን ቀን የስፌት መኪናዬን አልነካሁም፤ ቢሮ የምመልሰውን ቃል ስደረድር ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ምላጭ በራችንን አንኳኳ። «ደህና ነሽ ወይ?» አለኝ። ከሳሿን ደህና ነሽ ወይ! ሊያላግጥብኝ ነው ብዬ በሩን ፊቱ ላይ ወረወርኩት።

በቀጠሮው ቀን ቢሮ ገባን። እኔ በአንድ በኩል፣ ምላጭ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ በሌላ በኩል፣ መሃል ላይ የልጅ ፊት ያለው ባለሙያ። ባለሙያው የእኔን አቤቱታ አነበበ። ቀጥሎ የምላጭን መልስ ጀመረ። እኔ የምጠብቀው የመስኮቱን መስመር ብቻ ነው፤ ለእሱ ሌሊቱን ሙሉ ያነጠርኩት መልስ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቷል።

«...እሷ ምድር ላይ የምትተኛበት አንዲት ክፍል ነው። ከሰላምታ ጋር» አለና ወረቀቱን አጠፈ።

«ሌላ የለውም?» አልኩ።

«ምን ሌላ?»

«መጨረሻው ላይ። ስለ መስኮቱ።»

ባለሙያው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ባዶ ነው። ወደ ምላጭ ዞርኩ። «ጋሼ፣ የመስኮቱ መስመርስ?»

ምላጭ ቆቡን አሽከረከረ። «ባልሽ ጽፎት ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። እሱን አውጣልኝ አልኩት። እሱን ካወጣን ልትሸነፍ ትችላለህ አለኝ። አውጣው አልኩት፤ በሌላ ወረቀትና በሌላ ካርቦን እንደገና ጻፈው። እትዬሽ ያን ጊዜ አንዲት ቃል እንዳታነሳ ብላኛለች። ከእሷ ጋር ከምጣላ ከመንግሥት ጋር ብጣላ ይሻለኛል።»

በአንዲት መስመር ያሸንፈኝ ነበር። መስመሯን አውጥቶ ሚስቱን በጀርባው ማውረድ መረጠ። ያን ጊዜ ጀርባውን አየሁት። ጠባብ፣ የጎበጠ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ላይ ያጎነበሰ ጀርባ ነው። ስምንት ወር! እኔ መስኮቴ ሥር ቁጭ ብዬ ኮራችብኝ ስል፣ እሷ ከማዶ ፎቅ ላይ ተኝታ ነበር። አፈርኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ልጄ» አልኩት ባለሙያውን፣ «መስኮቴ ያለ ፈቃድ የተከፈተ ነው። ጻፈው።»

«እርስዎ እኮ ከሳሿ ነዎት።»

«አውቃለሁ።»

«ራስዎን ነው የሚከሱት?»

«ዛሬ የሚከሰስ ሌላ ሰው አላገኘሁም።»

ባለሙያው መመሪያውን አገላበጠ። «በቃል አይሆንም» አለ በመጨረሻ። «ማመልከቻ ያስፈልጋል። በሩ ላይ አንድ ጎበዝ ጸሐፊ አለ፤ ትክክለኛ ሰው ነው፣ ለማንም አያዳላም።»

«ሰምቻለሁ» አልኩና ወጣሁ።

ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ነበር። ጠበቅኩ። ባሌ ቀና ብሎ አየኝና ምንም እንዳልተፈጠረ «ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለ። ነገርኩት። አቤቱታዬን አንስቻለሁ፤ መስኮቱ ይደፈን፤ ክፍሉ ይሠራ። መጻፍ ከመጀመሩ በፊት መሳቢያውን ከፈተ፤ ከማሸጊያው አዲስ ካርቦን አውጥቶ አስገባ። ሲያነብልኝ መጨረሻ ላይ እኔ ያላልኩት አንድ መስመር ሰማሁ። «መስኮቱን የበሳሁት እኔ ባለቤቷ ስሆን፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።»

«እንደዚያ አላልኩም» አልኩት።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለና ከስሜ ሥር ስሙን ጽፎ ፈረመ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጽፍ ስለራሱ የጻፈው ይህችን ብቻ ነው። ስሙንም እኔ ራሴ ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው።

መስኮቱ በብሎኬት ተደፈነ። ቤታችን እንደ ድሮው ጨለመ። ክፍሉ ፈቃድ አግኝቶ አለቀ፤ በመንገዱ በኩል ሰፊ መስኮት ወጣለት። እትዬን ያወረድናት ዕለት ምላጭ አዘላት፣ ባሌ ከኋላ ደገፈ፣ እኔ ከፊት ከፊት የኋሊት እየወረድኩ እግሯን ያዝኩ። እንደ ሕፃን እግር ቀሎ ነበር። አልጋዋ ላይ ስናሳርፋት፣ ካመማት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ያ መኪናሽ የታለ?» አለችኝ።

«ጨለማ ውስጥ ነዋ! የት ይሆናል?»

«አምጪውና እዚህ መስኮት ሥር አድርጊው። ክፍሉ ለእኔ ብቻ ምን ያደርግልኛል?»

ወንዶቹ ተሸክመው አመጡት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ለምን አላስጠራሽኝም? እኔ እኮ ኮራችብኝ ብዬ...»

«ዛሬ ይሻለኛል፣ ነገ ይሻለኛል ስል። እንደ ከረጢት ታዝዬ እንድታዪኝ አልፈለግኩም።» ትራሷን አስተካከለች። «ደግሞ መች ተለያየን? የመኪናሽ ድምፅ ፎቅ ድረስ ይመጣል። ስትናደጂ ታስሮጪዋለሽ፤ በስምንት ወር ውስጥ ያልተናደድሽበትን ቀን አላስታውስም። እህትሽ የሞተች ሰሞን ግን አንድ ጊዜ ትረግጪና ትቆሚያለሽ፣ አንድ ጊዜ ትረግጪና ትቆሚያለሽ። አብሬሽ አለቀስኩ። በቀደም ሁለት ቀን ጭራሽ ጸጥ ስትይብኝ ነው የደነገጥኩት። ሂድ፣ አንድ ነገር ሆናለች፣ አይተሃት ና ብዬ እሱን ላክኩት። በሩን በላዩ ላይ ስትወረውሪው ሰማሁና፣ ተመስገን፣ ደህና ናት አልኩ።»

ጨርቁን መርፌው ሥር አስገብቼ መርገጫውን ረገጥኩ፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ማዳመጥ ጀመረች።